ፍሬ ነገሩን አስቀድም

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ደሴ

ክረምቱ ወጣ ስል ዝናቡ ዛሬም ጣለ። ማመልከቻ የሚያስጽፈኝ ሰው ጠፋ። ለጣሊያን ማን ያመለክታል? እናቴ እንደ ልማዷ ስለ ታናሽ ወንድሜ ጠየቀችኝ። እንየው ወደ ደቡብ ከዘመተ ወዲህ ወሬው የለም። ከሸሹት ወታደሮች ብዙዎቹ ኬንያ ገብተዋል ይባላል... ስደተኞቹን የሚጠብቅ እንግሊዝ ሹም አለ አሉ። ለሱ ልጻፍ? በምን እንግሊዝኛዬ?

ጥቅምት ፲፱

ኮምቦልቻ ወረድሁ። ሐጅ ጀላል በኤደን ወደብ ከእንግሊዝ ነጋዴ ጋር የኖሩ ናቸው፤ ሊያስተምሩኝ እሺ አሉ። ከሱቃቸው ጓሮ ተቀምጠን ነው። ጣሊያን ካየን አለቀልን። ቃሉንስ ጠላት ሳይገባ ትምህርት ቤት ቀምሻለሁ፤ የደብዳቤ አደራደሩን ነው የማላውቀው።

ኅዳር ፫

የጻፍሁትን አይተው ሳቁ። ወረቀቱ አልቋል፣ እኔ ገና ሰላምታ ላይ ነኝ።

«ወላሂ ልጄ ሞላልኝ፣ ይኸ እንግሊዝ አንተ ከነገሩ እስክትደርስ ሻዩን ጠጥቶ ይተኛል። ለአንድ አንቀጽ አንድ ነገር። ፍሬ ነገሩን አስቀድም፤ የቀረው እሱን ያስረዳ።»

ተናደድሁ። በአማርኛ ዳኛ የማስለቅስ ሰው! ደግሞ ሰው ደጅ ቆሞ፣ እንደምን አደራችሁ ሳይል፣ ስጡኝ ይላል? ነውር አይደለም?

ኅዳር ፲

ዛሬም አልሆነም። የእንየውን ቁመት፣ ጠመንጃውን፣ የእናታችንን ዓይን ሕመም... ሁሉንም አንድ ላይ አጨቅሁት። ሐጅ ጀላል አልሳቁም።

«ከዚህ ሁሉ የምትጠይቀው ምኑን ነው?»

«ደኅንነቱን።»

«ደኅንነቱን ብቻ?»

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርሁ።

«ሞቶ እንደሆነ ንገሩኝ በላ፣ ልጄ።»

የወንድሜን ሞት በገዛ እጄ ልጻፍ? ሟርት ነው። ጥያቸው ወጣሁ።

ኅዳር ፲፩

ብጽፈውና ቢሆንብኝስ?

ኅዳር ፳፬

ጻፍሁት። «ወንድሜ እንየው ሞቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የዘመተበት ጦር፣ ከዚያ መልኩ። በቃ። «አሁን ሆነ» አሉኝ ሐጅ ጀላል። በጅቡቲ በሚያልፍ ወዳጃቸው ላክነው።

መጋቢት ፯

እንየው ሞቷል። ኬንያ የደረሰው ቆስሎ ነው። ባለፈው ክረምት በስደተኞቹ ሐኪም ቤት ዐረፈ። የቀበሩት አብረውት የዘመቱ ናቸው። መልሱን ሐጅ ጀላል ራሳቸው ደሴ ድረስ አመጡልኝ።

ለነፍስ አባታችንና ለጎረቤት ነግሬአለሁ፤ መርዶው እሑድ ማለዳ ነው። እናቴ አሁን አጠገቤ ጥጥ ትፈትላለች።

«ምን ትጽፋለህ?» አለችኝ።

«እንግሊዝኛዬን ነው።»

«ጎሽ፣ በርታ። የእንየው መልስ ሲመጣ የምታነብልኝ አንተው ነህ።»