ጉርሻ የተከለከለበት ምሳ

ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ አራዳ

ለዓይኔ ብርሃን ለረይሀና
ጂንጃ፣ ኡጋንዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ። እኔና ወንድምሽ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አንቺስ? ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንዳትይኝ። በስልክ ስናወራ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ በኔትወርኩ እናመካኛለን። ባለፈው የዘጋሁብሽ ግን እኔው ነኝ። የጎረቤታችን የዘይቱና ልጅ ኢልያስ ለንግድ ወደዚያ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

ለምን እንደተናደድኩ ታውቂያለሽ። ክሊኒክ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ላገለግል ብለሽ ወጣሽ። ከዚያ የልዩ ፍላጎት ልጆች ትምህርት ቤት ልትጎበኚ ሄድሽና ደወልሽልኝ። «እማ፣ እንደ ሙሀይሚን ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ አየሁ፤ ገንፎውን ራሱ በልቶ ሳህኑን አጠበ!» አልሽኝ። ቀጥለሽም፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ዓመት ጨምረሽ እኛ ጋ አገልግዪ ብሎኛል አልሽ። እኔ ደግሞ ልጄን በእጄ አጉርሼ ማሳደጌን እንደ ጥፋት የቆጠርሽብኝ መሰለኝ። ከሄድሽ ወዲህ ወንድምሽ ሙሀይሚን ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ምሳ ሰዓት ላይ ደንበኛ ክርና ቁልፍ እያለ ሲጠራኝ እኔ እሱን አጎርሳለሁ። አንቺ የሰው አገር ልጅ ልታስተምሪ ነው? ነይ፣ በቃ፣ አልኩሽ።

ከዚያ ላሳፍርሽ ተነሳሁ። ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት እንዳለ ሰምቼ ነበር። በዓይኔ አይቼ፣ የእናትን እጅ የሚተካ ነገር የለም ልልሽ ነው። ባዶ እጅ አይኬድምና ሰደቃ አሰብኩ። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ የሚል ጣጣ እንዳይመጣ ምስርና የድንች አልጫ ሠራሁ። ዘይቱና ድስቱን ያዘች፣ እኔ ሙሀይሚንን። የእግረኛው መንገድ አሁን ሰፍቷል፤ ወንድምሽ እንደ ሙሽራ እየተጀነነ ሄደ።

መምህሩ ሰመረ የሚባል ወጣት ነው። ምሳ ሊበሉ ከተቀመጡት ልጆች መሀል አስቀመጠን። አጠገቤ ኤደን የምትባል ትንሽ ልጅ አለች። እንጀራውን ትቆርሳለች፣ አፏ ጋ ሳይደርስ ይወድቅባታል፣ እንደገና ትቆርሳለች። አንጀቴ አልቻለም። ጠቅለል አድርጌ አጎረስኳት። ሁለተኛውን ስጠቀልል ሰመረ ከጎኔ ቁጢጥ አለ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኤደን ራሷ ነው የምትበላው።»

«እየወደቀባት እኮ ነው ልጄ!»

«ይውደቅ። ከመስከረም ጀምሮ እየተለማመደች ነው። አንዴ ካጎረሷት እጇን ትሰበስባለች።»

እውነቱን ነው። ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ላለፈ ላገደመው ሁሉ አፏን ትከፍታለች። ዘይቱና ሳቋን አፍና «የሰው ልጅ አበላሸሽ እኮ» አለችኝ። ጉርሻ ሰጥታ የተገሠጸች ሴት በአገራችን የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ፊቴ በርበሬ መሰለ።

ሙሀይሚን ከፊት ለፊቴ፣ ከወንዶቹ ጋር ነው። ሳህኑ ፊቱ ተቀምጧል፤ እሱ ግን እኔን ያያል። አፉን ከፈተ። ልነሳ ስል ሰመረ «ትንሽ እንጠብቀው» አለኝ። ረይሀና፣ እንደዚያ የከበደኝ ነገር አላስታውስም። እጆቼን ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። አሁን ሰው ፊት ያለቅሳል አልኩ። አላለቀሰም። አጠገቡ ያለውን ልጅ አየ፣ እኔን አየ፣ ድንቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ ቆርሶ በላ። ምስሩ ጆሮው ድረስ ደረሰ። ሸሚዙን አትጠይቂኝ። ጨርሶ ሳህኑን ወደ ሰመረ ገፋና «ጨምር» አለው! ለእኔ አንድም ቀን ጨምሪ ብሎኝ አያውቅም። እስኪጠይቀኝ መች ጠብቄው አውቃለሁ።

በሳምንቱ አስመዘገብኩት። አሁን ጠዋት ጠዋት ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ በር አድርሼው ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ወደ ሱቄ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ቀን ዞር ብሎም አላየኝ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ዘበኛው ወንበር ሰጠኝ።

ትናንት እራት ላይ እጄ ለምዶበት ጠቅልዬ ዘረጋሁለት። አፉን አልከፈተም። ከእጄ ተቀበለኝና አገላብጦ አይቶ በገዛ እጁ ጎረሰው። ደስ አለኝ፤ ደግሞም ከፋኝ። አንዱን ብቻ ብነግርሽ ውሸት ይሆንብኛል። ምሳዬንም አሁን ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነው የምበላው። አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ካለፈ ወዲህ እንኳ ብቻዬን በልቼ አላውቅም ነበር። እለምደዋለሁ።

ነይ ነይ ስልሽ የነበረው፣ እኔ ስሞት ማን ያጎርሰዋል ብዬ ነው። ሌት ተቀን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነበር፤ አንቺ ላይ ጭኜው ልሄድ ነበር። አሁን ቀለል አለኝ። ስለዚህ ለሰዎቹ እሺ በያቸው። ዓመቱን ቆዪላቸው፤ ከልቤ ነው።

አላህ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም፣ ደግ ሰው ያጋጥምሽ፣ የምታስተምሪያቸውንም ልጆች ለወግ ለማዕረግ ያብቃቸው። ረመዳን ሊገባ ነው። ለዒድ ግን ፈቃድ ጠይቀሽ ነይ። ጠቅለል አድርጌ አጎርስሻለሁ፤ አንቺም ራሴን ችያለሁ እንዳትይኝ።

እናትሽ ዐፊፋ