የኋላው ጎማ ፈጠነ

ሰኔ 24
ጋራዥ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። የእታለምን ሞተር የኋላ ጎማ ቀየርኩ። ልኩ ከገበያ ጠፍቷል። እስኪመጣ ጠብቂ ብላት፣ "ምጥ ጎማ አይጠብቅም" አለችኝ። አዋላጅ አይደለች እንዴ... አነስ ያለ አስገባሁላት። ማነሱን ግን አልነገርኳትም።

ሐምሌ 1
እታለም ደወለች። "ይሄ ሞተር አብዷል! ደረቅ አስፋልት ላይ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ብልጭ ይልና ጉልበት ያጣል። መኪና ልቀድም ስል ልፍስፍስ አለብኝ፤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።"
የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ቆሽሾ ይሆናል አልኳት። ሳላየው ምን አስቸኮለኝ?

ሐምሌ 3
ሴንሰሮቹን ፈታሁ። ንጹሕ ናቸው። ሁለቱም ጎማ ጋ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፤ ሴንሰሩ የሚያልፉትን ጥርሶች ይቆጥራል። ኮምፒውተሩ የፊቱን ከኋላው ያስተያያል። የኋላው ከፈጠነ፣ "በባዶ እየተሽከረከረ ነው" ብሎ ጉልበት ይቀንሳል። ደረቅ መንገድ ላይ ግን ምን አፈጠነው?

ሐምሌ 4
እታለም ወደቀች። ለጥሪ ስትጣደፍ ጉልበት እንዳያሳጣት የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን አጥፍታ ነው የወጣችው። ዝናብ ነበር። መታጠፊያው ላይ ነዳጅ ስትሰጥ የኋላው ጎማ ከዳት። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል።
የአዋላጅ እጅ...

ሐምሌ 5
ሞተሯን ጋራዥ አመጡት፤ ሜትር ይዤ ጎማዎቹን ለካሁ። ትንሽ ጎማ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ መዞር አለበት! ኮምፒውተሩ ዙር እንጂ ልክ አያይም። ሳይንሸራተት ተንሸራተተ ያሰኘው የኔ ጎማ ነው።
አለቃዬ፣ "አፍሽን ያዢ። መቆጣጠሪያውን ያጠፋችው ራሷ አይደለችም?" አለኝ። ናት። ግን ምን አስጠፋት?

ሐምሌ 6
ሦስቴ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ሐምሌ 7
ነገርኳት። ጀሶ የታሰረ እጇን ትራስ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።
"ልኩ እንዳልሆነ ታውቂ ነበር?"
"አውቅ ነበር።"
"በታክሲ እሄድ ነበር እኮ። አንድ ቃል... አንድ ቃል ብትነግሪኝ!"
ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 15
ልኩ መጣ፤ ገጠምኩት። ደረቅ ላይ መብራቱ ጭጭ። እርጥብ ጠጠር ላይ ሆን ብዬ ነዳጅ ስሰጠው ብልጭ አለ፣ ጉልበቱም ለስለስ። መስተካከሉን ስልኳ ላይ ጻፍኩላት።

ሐምሌ 19
ጠዋት ጋራዡን ስከፍት በሩ ላይ ቆማለች፤ ጀሶዋን በሻርፕ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ረዳቷ ቀድማ ሄዳለች።
"በዚህ እጅሽ ምን ልትሠሪ?"
"ረዳቴ በእጇ፣ እኔ በአፌ። ውሰጂኝ።"
ሞተሯ ላይ ከኋላዬ ወጣች። በደህናው እጇ ወገቤን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ሞተሩን አስነስቼ ቆየሁ... አላስችል አለኝ።
"እታለም፣ ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?"
"አላልኩም። ንጂ።"
ነዳሁ።