በጓሮ በር የሚወጣው ሳህን

ውድ ያንዴ፣

«ውድ» ብዬ መጀመሬ እንዳያስደነግጥሽ። ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ስለሚባል ነው እንጂ ጣውንትን ውድ ብሎ መጥራት ለእኔም ከብዶኛል። ወረቀቱን በእህትሽ ሕፃን ልብስ ገበር ውስጥ ሰፍቼ የላክሁልሽ በስልክ መናገር ስለማልችል ነው። ስልኩ የባላችን የኢብራ ነው፤ ስናወራ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የፈረሱን ልጓም የሚጠግን መስሎ ጆሮውን ያቆማል። ሌላ ሰውም አላስጻፍኩም፤ መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ ምላስ አለው። ልብሱን የምታደርስልሽን መንገደኛም አላመንኳትም፣ አጣጥፌ አስሬ ነው የሰጠኋት። አንቺ ግን ገበር ሲንኮሻኮሽ ሰምተሽ ዝም ብለሽ የምታልፊ ሴት አይደለሽም።

እህትሽ በሰላም በመገላገሏ ደስ ብሎኛል። ሕፃኑን ሳሚልኝ። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እህትሽን አርሰሽ ስታበቂ ኢብራ ለምን የመመለሻ የመኪና ገንዘብ እንዳልላከልሽ ፋቲክ ቁጭ ብለሽ ሳታብሰለስዪ አልቀረሽም። ነገሩ ያ ሳህን ነው። አዎ፣ ያ በጓሮ በር የሚወጣው።

አንቺ እዚህ ቤት ከገባሽ ጀምሮ የድስትሽ ነገር ሰላም ነስቶኝ ነበር። ኢብራ አርብ ከጁምዓ ሲመለስ የሳምንቱን የአስቤዛ ገንዘብ በሁለታችን ፊት እኩል ይከፍላል። በዚህ አላማውም፤ ለፈረሱ መኖ ካነሳ በኋላ የቀረችዋ ብትሆንም እኩል ናት። ሩዙ ያው ስባሪ ሩዝ ነው፣ አሳ ሻጯም ያችው እማማ ሲራ ናት። ታዲያ በእኔ የማብሰያ ቀን ሩዙ ሳህኑ መሃል ተሸማቆ ይቀመጣል፣ አሳውን ቆራርሼ ለየሰዉ ስገፋ የመጨረሻው ልጅ ጋ ስደርስ አጥንት ብቻ ይቀረኛል። በአንቺ ቀን ካሳቫ አለ፣ ጎመን አለ፣ ደብርጃን አለ፣ አሳው ዞሮ ዞሮ ለአንቺም ይተርፋል። ልጆቼ ጠዋት ተነስተው «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን ከፊቴ ያነቡታል። የገዛ ልጆቼ!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኢብራን ነው። በአንቺ ተራ ሲያድር በጎን ያጎርስሻል ብዬ ጠዋት ሲወጣ ፊቱን አጠና ነበር። ፊቱ ላይ እንቅልፍ እንጂ ሌላ ነገር ስላጣሁ እማማ ሲራ ጋ ሄድኩ።

«እማማ፣ ያቺ ልጅ ዱቤዋ አልበዛም?» አልኳት።

«የቷ? ያንዴ? እሷ በእጇ ይዛ ነው የምትመጣው። ዱቤውስ ያንቺ ነው!» አለችኝ፣ ያውም ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ በኋላ ድግምት ነው አልኩ። አትሳቂ። አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ የድስትሽን ክዳን አንስቼ በክር የታሰረ ነገር ፈልጌያለሁ። ያገኘሁት አንድ ትልቅ ቃሪያ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለጥንቃቄ አውጥቼ ጣልኩት። ምሳ ላይ «ቃሪያዬ የት ገባ?» እያልሽ ስትፈልጊ እኔም አብሬሽ ፈልጌያለሁ።

ከዚያ ሳህኑን አየሁ። ሁላችንም ተሰብስበን መብላት ስንጀምር አንቺ «ፈረሱ ውሃ አልጠጣም» ብለሽ ተነሳሽ። ፈረሱ ግን ከኢብራ ጋር ጋሪ ሥራ ላይ ነበር። እጄን ታጥቤ ተከተልኩሽ። ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን በነጠላሽ ስር ይዘሽ በጓሮ በር ወጣሽ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ ጋ ስትደርሺ አንድ የወንድ እጅ ከመጋረጃው ወጥቶ ተቀበለሽ። የተሸፈነ ሳህን ለአማት ይሄዳል፣ ለጎረቤት ይሄዳል። ሚስቱ ላልሆንሽው ወንድ በስውር ሲሄድ ግን እዚህ ሩፊስክ ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። «ያዝኩሽ!» አልኩ በሆዴ። ለኢብራ ያልነገርኩት አዝኜልሽ እንዳይመስልሽ፤ ለሚያስፈልገኝ ቀን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።

አንቺ ወደ ፋቲክ ስትሄጂ ያንቺም ቀን በእኔ ላይ ወደቀ። በዚያው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ የጓሮው በር ተንኳኳ። ብከፍት ያ ጊኒያዊው ልብስ ሰፊ ባልዴ ነው፣ የኛን ሳህን ታጥቦ እንደ መስታወት ሲያበራ ይዞታል።

«ደህና ዋሉ እትዬ ኮዱ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ኢብራስ? ፈረሱስ ደህና ነው?»

«ፈረሱን ተወውና ምን ፈልገህ ነው?»

«ምሳችንን ነዋ።»

«ምሳችንን? የምን ምሳ? ደፋር! ባለቤቱ ሥራ ላይ እያለ በጓሮ በር ምሳ?»

«ኧረ እትዬ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል። ከፍለን እኮ ነው የምንበላው። ሦስት ነን፣ ለያንዴ በየሳምንቱ እንሰጣታለን። ሳትነግረን ሄደች፤ በዳቦና በሻይ ልናልቅ ነው።»

ያመንኩት ይመስልሻል? እዚያው በር ላይ አቁሜው፣ እንዳይመካከሩ በዋናው መንገድ ዞሬ ሱቃቸው ገባሁና የቀሩትን ሁለቱን ለየብቻ ጠየቅሁ። ሁለቱም ያንኑ አሉኝ። አንደኛውማ እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ እንኳ ሳያነሳ «በእሷ ቀን ሩዝ፣ በእርስዎ ቀን ዳቦ» አለኝ።

«በእኔ ቀን ለምን ዳቦ?»

«‹የትልቋን ድስት አልነካም› ብላን ነዋ።»

ያንዴ፣ ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም። ተናደድኩ። ስንት ጊዜ ሙሉ ስከታተልሽ ኖሬ፣ ከእኔ ድስት አንዲት ማንኪያ እንዳልነካሽ በማላውቀው ሰው አፍ ሲነገረኝ የሞኝ ሥራ ስሠራ የኖርኩ መሰለኝ። ቤት ተመልሼ አልጋሽ ስር አየሁ። የዘይት ጀሪካንሽን አገኘሁት። እኔ በየቀኑ በላስቲክ የተቋጠረች ዘይት ስገዛ አንቺ በሰፊዎቹ ገንዘብ በጀሪካን ገዝተሽ፣ ሩዙንም በጆንያ አስወርደሽ፣ ትልቅ ድስት ጥደሽ፣ የእነሱን ከላይ ቀንሰሽ የተረፈውን ለእኛ ታቀርቢ ኖሯል። የእኔ ልጆች የጠገቡት በዚያ ነው። የእኔ ልጆች፣ በአንቺ ቀን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰፊዎቹ እኔ ቀነስኩላቸው፣ የከፈሉበት ነውና። አንድ ቀን ባልዴ ሳህኑን ሊመልስ መጥቶ «ያንዴ መቼ ነው የምትመጣው እትዬ? ናፍቃናለች እኮ» ሲለኝ ቀና ብል ከጀርባው ኢብራ ቆሟል፣ የፈረሱ ጫማ ወልቆበት በጊዜ ተመልሶ። ባልዴን አልፎት ገባ። ፈረሱን ፈታ፣ አሸው፣ ውሃ አጠጣው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጠራኝ።

«ኮዱ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያ ሰፊ ከሚስቴ ጋር ምን አለው?»

«ምን ይኖረዋል?»

«ሳህን በጓሮ እንደሚወጣ ጋሪ ነጂዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ነገሩ እውነት ከሆነ እዚያው ትቅር፤ ዕቃዋን በጋሪ ጭኜ መናኸሪያ አደርሳለሁ።»

«እስከ ነገ ጠብቀኝ» አልኩት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እውነቱን ልንገርሽ፤ መዋሸት ሰልችቶኛል። ላስብበት ፈልጌ ነው። ምንም መናገር አያስፈልገኝም ነበር፤ ዝም ብል አንቺ አትመለሺም። የሳምንቱ አስቤዛ በሙሉ በእኔ እጅ ይገባል። ልጆቼም የማንን ድስት ከማን ድስት ጋር ያወዳድራሉ? በማግስቱ ሩዝ እየለቀምኩ ይህን ሁሉ አሰብኩት፣ ጣፈጠኝም።

እውነቱን ብነግረውስ? እሱም አንቺን አያድንሽም። እኔ በመጣሁ ሰሞን በራችን ላይ ቦምቦሊኖ ጠብሼ ልሽጥ ብዬው «ኢብራ ቤቱን መመገብ አቃተው ሊያስብሉኝ ነው? በእኔ ጣሪያ ስር ምግብ የሸጠች ሴት በዚያው ቀን ትወጣለች» ብሎኛል። አንቺም ሰምተሻል፤ ለዚህ አይደል በጓሮ የሄድሽው? እንዲያውም ጋሪ ማቆሚያው ላይ «የኔ ሴቶች በትንሽ ገንዘብ ተዓምር ይሠራሉ» እያለ ይጎርራል አሉ። ተዓምሩ የጊኒ ልብስ ሰፊዎች መሆናቸውን ሲሰማ ምን እንደሚሆን አስቢው።

ማታውን ሳይጠራኝ እኔው ሄድኩ።

«ሳህኑ የእኔ ነው» አልኩት። «ሰፊዎቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ያንዴን በጓሮ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ትፈራህ ነበር፤ ትልቋ ስለሆንኩ እምቢ ማለት አልቻለችም።»

«ቤቴን ምግብ ቤት አደረግሽው?»

«ምግብ ቤት ቢሆን አንተም ትከፍል ነበር።»

«አትቀልጂ! አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለጣውንትሽ የቆምሽው?»

«ለእሷ አይደለም፣ ለድስቱ ነው። ፈረስህ መኖ ሲያንሰው ጋሪ አይጎትትም አይደል? ልጆችህስ?»

ዞር ብሎ ወደ ፈረሱ አየ። ተሳካ ስል ደግሞ ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተኝ።

«እሺ፣ አንቺ ከሆንሽ ያመጣሻቸው፣ በአንቺ ቀን ለምን ዳቦ ይበሉ ነበር? ሲገዙ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «የእኔ እጅ አይጥማቸውም፣ የእሷ ይሻላል አሉ» አልኩት። ያን ሁሉ ስናገር ያላመነኝ ሰውዬ ይህን ሲሰማ ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። «እሱስ እውነት ነው» አለ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኔን እንዳያባርር ልጆቼ ይዘውታል፤ አንዷ ልጄ እንኳ ቢያንስ አሥር ዓመት የኖረችበት ቤት ነው። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከሳህናችን አልበላም፤ ጋሪ ማቆሚያው ላይ ዳቦ እየገመጠ ዋለ። በአራተኛው መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠና ያለ ወሬ በላ። ትናንት አርብ ገንዘቡን እንደ ልማዱ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝና የቀረውን አንስቶ «ይኸ የያንዴ ነው። ለመኪና ላኪላት» አለኝ። ቀጥሎ ያለውን በደንብ አንብቢው፦ «ስትመጣ ለብቻዋ እጠይቃታለሁ። ቃላችሁ ካልገጠመ ግን አንቺም ልጆችሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።»

ስለዚህ ስሚኝ። ባልዴን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ለበዓል የልጆች ልብስ ላሰፋ ሄጄ። የተዋዋልኩት እኔ ነኝ፤ ሰፊዎቹም ቢጠየቁ ይህንኑ እንዲሉ ነግሬያቸዋለሁ። አንቺ ሳህን ከማድረስ በቀር የምታውቂው የለም። ስትናገሪ ፍሪ፣ ብታለቅሺም አይከፋም። እጄ አይጥምም ያልኩትን ግን በዝርዝር አታስረጂው፤ የተነገረው ይበቃል። ገንዘቡን ከልብሱ ጋር ለመንገደኛዋ ሰጥቻታለሁ፤ ጎድሎ ከደረሰሽ ጻፊልኝ።

በሕይወቴ ሰው አምኜ አላውቅም። እናቴ ስኳር ስትሰፍርልኝ እንኳ እጇን ነበር የማየው። አንቺንም አሁን በደንብ አላምንሽም። ይህን ወረቀት ኢብራ እጅ ብታስገቢው ውሸቴ በገዛ ጽሕፈቴ ይነበባል፤ የምወጣው እኔ ነኝ፣ የምትቀሪው አንቺ። ገበሩን ስሰፋ ሁለት ጊዜ ክሩን በጥሼ ወረቀቱን አውጥቼው ነበር። መልሼ የሰፋሁት፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ድስቴን ሳትነኪ ያለፍሻቸውን እነዚያን ቀናት አስቤ ነው። አንቺን ለማመን ሌላ ማስረጃ የለኝም።

ነይ፣ ያንዴ። በፊት ለፊት በር ግቢ።

ጣውንትሽ ኮዱ