ለአሰገደች የሰጠሁት መሶብ

ውድ እናቴ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አንቺን ልጠራ ብዕሬን ባነሳሁ ቁጥር የጎረቤታችን የአሰገደች ስም እየቀደመ ይመጣብኛል። ዛሬ ይምጣ ብዬ ተውኩት። ሰው ፊት አሁንም አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን እኔና አንቺ ብቻ ስለሆንን አልላትም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። እኔ ወደ ማስተማሬ፣ ወደ ኩታበር ተመልሻለሁ። የመካነ ሰላሙን ቤት ቆልፌ ቁልፉን ለእትዬ ዘይነባ ሰጥቻቸዋለሁ። በየሳምንቱ ከፍተው ያናፍሱታል፣ ይጠርጉታል። የጓዳውን ቆርቆሮ ንፋስ ቢገልጠው ራሳቸው አስመትተው ሲያበቁ ነገሩኝ እንጂ አስቀድመው አልጠየቁኝም። ዶሮዎችሽም እሳቸው ዘንድ ናቸው፤ ያቺ ገብስማዋ ግን አሁንም አጥር እየዘለለች የኛ በር ላይ ትውላለች አሉ።

ዕቃሽን ያካፈልኩት በአርባሽ ሰሞን ነው። ጃንጥላሽን ለነፍስ አባትሽ፣ ካፖርትሽን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ለሚኖሩት ለዓይነ ስውሯ መነኩሲት፣ አዲሱን ጋቢሽን ለእትዬ ዘይነባ ሰጠሁ። ገበያ ለብሰውት ይወጣሉ፤ የማን ነው ለሚላቸው ሁሉ የአልጋነሽ ነው እያሉ ስምሽን ከነአባትሽ ይጠራሉ። ለአሰገደች የሰጠኋትን ግን ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ። የሆነውን ብታውቂውም ከኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም፤ ቤታችን ውስጥ ስለሱ እንዲወራ አትፈቅጂም ነበር።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የአሰገደች ልጅ ሰላም ገና ሰባት ዓመቷ። በማርያም ቀን እኛ ቤት ስትጫወት ውላ፣ ከመሶብሽ በልታ ሄደች። በማግስቱ ሆዷን ይዛ ጮኸች፤ ትኩሳቷም አልበርድ አለ። አሰገደች አጥራችን ጋ መጥታ መንደሩ እንዲሰማ፣ ልጄን በልታብኛለች አለች። ቡዳ የሚለውን ቃል እሷ አልጠራችውም፤ ሌሎቹ ጠሩላት። ጠበል ልወስዳት ነው ብላ ልጅቷን ይዛ ወጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ድና ስትመለስ፣ ጠበሉ እንዳስለቀቀሽ ተወራ።

ከዚያ ወዲያ የሰፋሽውን መሶብ የሚገዛ ጠፋ። ማኅበርተኞችሽ ጽዋው አንቺ ቤት የሚደርስበትን ወር ዘለሉት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ዘለሉት። ትምህርት ቤት ዳቦዬን ስቆርስ እጁን የሚዘረጋ አልነበረም። አንድ ቀን፣ ይህን ነግሬሽ አላውቅም፣ ዳቦውን የጋገረችው እናቴ ሳትሆን አክስቴ ናት ብዬ ዋሸሁ። ያኔ በሉልኝ። ያ ዳቦ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

አንቺ መስፋቱን አልተውሽም። አክርማሽን እየነከርሽ፣ አለላሽን እያቀለምሽ፣ ወስፌሽን ይዘሽ ደጃፍ ትቀመጫለሽ። እንባዬን ስታዪ፣ አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል ትይኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅን። ያለፈው ግን እሱ አይደለም፤ አንቺ ነሽ።

ያኖሩን እትዬ ዘይነባ ናቸው። መሶቦችሽን በበቅሏቸው ጭነው፣ ዘመዶቻቸው ወዳሉበት፣ ያንቺ ስም ወደማይታወቅበት ወደ ከላላ ገበያ ይወስዱልሽ ነበር። የማን ስፌት ነው ሲሏቸው የእህቴ ነው ይሉ ነበር። አንዲት የሰፈራችን ሴት ከሷ ጋር ምን አንድ አደረገሽ ብትላቸው በማግስቱ መጥተው በራችንን ወለል አድርገው ከፈቱና መንገደኛው ሁሉ እያየ ምሳቸውን ከኛ ጋር በሉ። ሥጋችንን አይበሉም፣ ሥጋቸውን አንበላም። ሽሮሽን ግን አንድ ቀን እንኳ ንቀውት አያውቁም።

አርባሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰላም ሽንኩርት ልላጥልሽ ብላ መጣች። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ላባርራት ነበር፤ ግን ሥራው በዝቶብኝ ስለነበር ቢላ ሰጠኋት። ቁጭ ብላ ስትልጥ፣ እናቴ ቤት በልተሽ የታመምሽው ህመም አሁን ለቀቀሽ ወይ አልኳት። እንዲያማት ብዬ ነው። ቢላውን አስቀመጠች፤ ልብሷን ገለጥ አድርጋ በሆዷ በቀኝ በኩል ያለውን ጠባሳ አሳየችኝ።

«ትርፍ አንጀት ነበር» አለችኝ። «ደሴ ነው ቀዶ ጥገና ያደረጉልኝ። ሐኪሙ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። መንደሩ ምን ሲያወራ እንደኖረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ተናገሪ ስላት ሁልጊዜ ቆይ ትለኛለች።»

ታውቅ ነበር እማየ። ባታውቅ ኖሮ የልጅ ነገር ነው፣ ደንግጣ ነው እል ነበር። እሷ ግን እውነቱን ጨብጣ፣ አንቺ ብቻሽን ስትሰፊ እያየች፣ በአጥራችን ሥር አሥራ ሁለት ዓመት ተመላለሰች። ቀብርሽ ላይ ደግሞ ከሰው ሁሉ በላይ ደረቷን የመታችው እሷ ነበረች።

ያን ጊዜ ነው ትልቁን መሶብ ከቆጥ ያወረድኩት። በዚያው ክፉ ዓመት ለሠርግ ታዝዘሽ የሰፋሽውን፣ ያዘዙሽ ሰዎች ሳይወስዱት የቀሩትን፣ ለከላላ ገበያም አይሄድም ያልሽውን። አቧራውን ጠረግሁ፤ ለማን እንደምሰጠውም እዚያው ቆሜ ወሰንኩ።

በአርባሽ ቀን ድንኳኑ ሞላ። ሰዉ ሁሉ በላ፤ ሳህኑም ትሪውም የዕድር ስለሆነ የፈራ አልነበረም። ጸሎቱ አልቆ የነፍስ አባትሽ ከመነሳታቸው በፊት፣ እንጀራና ምስር ወጥ አድርጌበት መሶቡን ተሸክሜ ገባሁ። አሰገደች ፊት አስቀመጥኩና ክዳኑን አነሳሁ።

«እትዬ አሰገደች፣ የእናቴን ዕቃ ለጎረቤት እያካፈልኩ ነው» አልኳት። «ይህ የእርስዎ ድርሻ ነው። መጀመሪያ ግን ከሱ ይቁረሱ።»

የማኅበርተኞችሽ ዓይን ሁሉ እጇ ላይ ነበር። አልበላም ብትል በአርባሽ ቀን ስድቡን ደገመችው፤ ብትበላ ስትዋሽ እንደኖረች በራሷ እጅ መሰከረች። ሁለቱንም አስቤበታለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ቆረሰች። አላመጠች፤ መዋጥ ግን አቃታት። ውሃው አጠገቤ ነበር፤ አልሰጠኋትም። እንደምንም ስትውጠው፣ አሁን ደግሞ የደሴው ሐኪም ያለዎትን ለሰዉ ይንገሩ አልኳት። ወደ ልጇ ዞረች፤ ሰላም አንገቷን ደፍታለች። በአፏ ውስጥ የሆነ ነገር አጉተመተመች። የነፍስ አባትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አሏት።

«ትርፍ አንጀት ነው ብለውኝ ነበር» አለች። «አልጋነሽ ምንም አላደረገችም። አውቅ ነበር። አንዴ ከአፌ ወጣ፤ ብመልሰው ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ።»

ከዚያ አለቀሰች። የሰው እንባ ሳይ ሆዴ ይባባል፤ ታውቂኛለሽ። ያን ቀን አልባባም። መሶቡን አንስቼ አሲያዝኳት። ሰላም ልትቀበላት ብትነሳ እጇን ያዝኩ። አሰገደች ያንን ሁሉ ሰው አቋርጣ፣ መሶብሽን ታቅፋ፣ በሰፈሩ መሀል እስከ ቤቷ ሄደች። እስክትገባ ድረስ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ጣፈጠኝ እማየ። አልዋሽሽም፤ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከችብኝ። ሁለቱንም ጊዜ በክብር ተቀብዬ በክብር መለስኳቸው። ማኅበርተኞችሽም ለመታሰቢያ የሚሆን ስፌቷን ስጪን ብለው መጡ። ጓዳ ውስጥ አምስት መሶብ ነበር። የለም አልኳቸው። አምስቱንም ለእትዬ ዘይነባ ሰጠሁና አንዱም እነዚያ እጅ እንዳይገባ አደራ አልኩ። ሐቅሽ ነው ብለው ተቀበሉኝ።

አሁን አሰገደች ቤት የሚገባ ሰው የለም። ጽዋው እሷን መዝለል ጀምሯል። ይህን ኩታበር ሆኜ ስሰማ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ አስተማርኩ።

ባለፈው ወር ለእረፍት ስመጣ እትዬ ዘይነባን ቤታቸው አጣኋቸው። ብፈልጋቸው አሰገደች በረንዳ ላይ ናቸው፤ ሰፌድ በመሀላቸው አድርገው አብረዋት ምስር ይለቅማሉ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጠብቄ፣ እርስዎ እንኳ እንዴት አስቻለዎት አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«እናትሽ ብቻዋን ስትቀመጥ አይቻለሁ ልጄ» አሉኝ። «ሌላ ሴት እንደዚያ ተቀምጣ ማየት አልችልም። ጥፋተኛም ብትሆን።»

እሳቸውን ልቆጣ አልችልም። አንቺም ብትኖሪ አጠገባቸው ተቀምጠሽ አብረሽ ትለቅሚ እንደነበር አውቃለሁ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። እኔ ግን እንደ እናንተ አልሆንኩም። በማግስቱ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ስሄድ አሰገደች በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እጇን ልትዘረጋ ስትል አየኋት። ቦርሳዬን ወደ ሌላው እጄ አዛውሬ አለፍኩ።

እማየ፣ ባረፍሽበት ቀን በየዓመቱ እመጣለሁ። ስምሽን በቤተ ክርስቲያን አስጠራለሁ። ተማሪዎቼ እናትሽ ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ፣ መሶብ ሰፊ ነበረች፣ እጇን ያየ ሁሉ ይደነቅ ነበር እላቸዋለሁ፤ አክስቴን አልጠራም። እትዬ ዘይነባን በሕይወት እስካሉ ድረስ እንደ እናቴ እጦራለሁ።

አንቺን እንደማልረሳሽ ቃሌ ነው። እሷን እረሳለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።

ልጅሽ
ብርቱካን