ቀሪ እረፍት አልነበረንም

ውድ ዴልያ፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ከሆነ ሁለት መስመር ጽፌ አጠፋዋለሁ፤ ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ ሳደርግ የከረምኩት እሱኑ ነው። ወረቀት ግን አንዴ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከገባ አይመለስም። ስለዚህ ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ዋናው መንገድ ላይ ካለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ቁጭ ብዬ፣ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ማሊያ ማሽን ውስጥ እየዞረ እጽፍልሻለሁ። ማሊያ ማጠብ የአንደኛ ዓመት ልጆች ሥራ እንደነበር ታውቂያለሽ። አሁን የምታጥበው አምበሏ ናት። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። የሊጉ ዋንጫ የላርክፊልድ ሆነ፤ እናንተ አሥራ ስድስት አሸንፋችሁ ሁለት ተሸነፋችሁ፣ እኛ አንድ ጨዋታ ወደ ኋላ ቀረን። ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው፤ ደስታዬ ግን የውሸት አይደለም። ሁለቱም ባንድ ሆድ ውስጥ ይኖራሉ፣ እኔም የገባኝ ገና ቅዳሜ ነው።

ያለፈውን ዓመት ግማሽ ፍጻሜ ላንቺ መተረክ ሞኝነት ይመስላል። ግን የማታውቂው አንድ ነገር አለ፣ እሱ ጋ ለመድረስ ከመጀመሪያው ልነሳ። ያኔ ገና የኛ ተጫዋች ነበርሽ፤ አንድ ነጥብ እየመራን ነበር፣ የቀረው ዘጠኝ ሰከንድ። ኳሱ አንቺ ጋ ነው፤ ሁለት ተከላካዮች ጥግ ላይ ቆልፈው መውጫ አሳጡሽ። ጨዋታው እንዲቆምልሽ እኔ ከመሃል ሜዳ "እረፍት ጠይቂ! አንድ አለን!" ብዬ ጮህኩ። አመንሽኝና ጠየቅሽ። ለካ ከተፈቀደልን እረፍት አንድም አልቀረንም። ሳይኖረው እረፍት የጠየቀ ቡድን ምን እንደሚደርስበት የማያውቅ ያገራችን ልጅ የለም፤ ሁለት ነፃ ውርወራ ለባላጋራ፣ ኳሱም ጭምር። ሁለቱንም አስገቡ፣ በተሰጣቸው ኳስ ሌላ ጨመሩበት፣ ዓመቱም እዚያው አለቀ።

የማታውቂው ይኸውልሽ። ረዳት አሰልጣኟ ፔግ በየእረፍቱ መጨረሻ ስንት እንደቀረን ትናገርና አምስታችንም በጣት እናሳያት አልነበር? ካላሳየናት ወደ ሜዳ አትለቀንም። የዚያን ቀን "ምንም የለም" አለች፣ አራታችሁም ዜሮ ለማለት እጃችሁን ጨበጣችሁ። እኔም ጨበጥኩ። ግን አልሰማኋትም፣ ዴልያ። ከደቂቃ በፊት ጥፋት በነፋብኝ ዳኛ ደሜ ፈልቶ፣ በሆዴ ከሱ ጋር እየተሟገትኩ ነበር። እጃችሁን አየሁና እንደ ዝንጀሮ ቀዳሁ። ረሳሁ እንዳልል መጀመሪያም አላወቅኩም። አንቺ ግን ፔግን ሰምተሻታል፣ የጨበጥሽውም አውቀሽ ነው፤ ያንን ትተሽ እኔን አመንሽ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ አሰልጣኝ ኦስተርማን "አንድ አለን ያለው ማነው?" ብለው ሲጠይቁ አንቺ እኔን አየሽኝ፣ እኔ ጫማዬን አየሁ። "እኔ ነኝ፣ ተሳሳትኩ" አልሽ። ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች ብለሽ ሦስት ሳምንት ጠበቅሽኝ። አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ድስት እያጠብን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔም እሱን ይዤ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ ዕቃሽ የለም፣ ቁልፍሽ ከበሩ ምንጣፍ ስር ነው። ሰው ለምን ሄደች ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ላርክፊልድ የተሻለ ነገር ሰጥቷት ነው" እል ነበር። ይህንንም ካሁን በፊት አታውቂም።

ጥር ላይ እናንተ አዳራሽ ስንመጣ የኛ ሰዎች ሦስት አውቶቡስ ሞልተው ተከተሉን። ኳስ በነካሽ ቁጥር ሁሉም እየተነሱ የእረፍት ምልክት ያሳዩሽ ነበር፣ አንዱን መዳፍ በሌላው ጣት ላይ እያጋደሙ። ከፊት የነበረው ቨርሊን ነው፣ ትራክተር ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ የወጣው። ድሮ የልደትሽ ቀን ቼሪ ፍሬ የተሞላ ኬክ ይዞልሽ የመጣው ያው ቨርሊን። አምስት ነፃ ውርወራ ሳትሽ። አንቺ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ የምታስገቢው! በዘጠኝ ነጥብ አሸነፍናችሁ። በአውቶቡስ ስንመለስ ሲዘፈን እኔም ዘፈንኩ።

ባለፈው ሐሙስ ከልምምድ በፊት ኪንዚ አንድ ካርቶን ቢጫ ቲሸርት ተሸክማ መጣች። ኪንዚን አታውቂያትም፤ አንደኛ ዓመት ናት፣ እጇ ወርቅ ነው፣ አፏ ግን በር የለውም። ቲሸርቱ ላይ ያ የእጅ ምልክት ታትሟል፣ ከስሩ ያንቺ ቁጥር። ደጋፊዎቹ ቅዳሜ ከናንተ ጋር ላለን ጨዋታ ሦስት መቶ አሳትመዋል። አንዱን ደረቴ ላይ ለክታ "አምበሏ ካልለበሰችው ማን ይልበሰው?" አለችኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ከእኔ ዝምታ የተማረችውን ነው የምትሠራው። ቲሸርቱን ይዤ ቀጥ ብዬ ወደ አሰልጣኟ ቢሮ ሄድኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮሁም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ ይሄ ለእሳቸው ሳይሆን ለአዳራሹ መነገር ያለበት ነገር ነው አሉኝ። እኔም ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት፣ ተመራቂ ተጫዋቾች ከወላጆቻችን ጋር ሜዳ ላይ ስንጠራ ልናገር ነው አልኩ። ያኔ ነው ፊታቸው የተለወጠው።

"ብሪታ፣ እኛም ላርክፊልድም አሥራ አምስት ለሁለት ነን" አሉኝ። "ቅዳሜ ያሸነፈ ዋንጫውንም ይወስዳል፣ የማጠቃለያውን ውድድርም በገዛ አዳራሹ ያደርጋል። ዴልያን ያ ጩኸት እግሯን አስሯታል። ከፈታሻት ማን ይይዛታል?"

"እኔ እይዛታለሁ" አልኩ።

"ከጨዋታው በኋላ ብትናገሪውስ? እውነቱ ያው እውነት አይደል?"

አትናገሪ አላሉኝም፣ ይህን እወቂላቸው። ቆይተሽ ተናገሪ ነው ያሉት። ምክሩ እንዴት እንደጣመኝ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። ዓርብ ሙሉ ቀን ሳላምጠው ዋልኩ። ዋንጫውን እንውሰድና ቅዳሜ ማታ እናገራለሁ፤ ማን ይጎዳል? ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ይገትረኝ ነበር። አሰድቤሽ ካሸነፍኩ በኋላ የምናገረው እውነት፣ የሰው ዶሮ በልቶ ላባውን እንደመመለስ ነው።

ቅዳሜ የሆነውን ከሩቅ ሆነሽ ነው ያየሽው፣ በኔ በኩል የነበረውን ልንገርሽ። እናቴ በግራዬ ነበረች፣ አበባዋን ታቅፋ፣ የማትወደውን ቀሚስ ለብሳ። ምንም አልነገርኳትም። ማይኩን ከአስተዋዋቂው እጅ ስወስድ አመሰግናለሁ ልል መስሎት ፈገግ አለልኝ። "አምና እረፍት አለን ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ዴልያ ያመነችው እኔን ነው። ጥፋቱን ወሰደችልኝ፣ እኔ ዝም አልኩ። አንድ ዓመት የሰደባችሁት ጥፋት የሌለበትን ሰው ነው። ስድቡ የኔ ነው፣ ዛሬ ለኔ ስጡኝ።" ከዚህ በላይ አዘጋጅቼ ነበር፣ ማይኩን ግን መለስኩለት።

እናንተ ስታሟሙቁበት የነበረው ኳስ ቆመ። ፊትሽን ማየት ፈልጌ ነበር፣ ጀርባሽን ነው ያየሁት። ከላይ አንድ ሰው "አሁን ነው የምትነግሪን?" ብሎ ጮኸ፣ እውነቱን ነው። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ "ቀጥ በይ። ብለሽዋል፣ አሁን ተሸከሚው" አለችኝ። እስካሁን ክንዴ ላይ የጣቷ ምልክት አለ። አንድ ባንድ ቢጫው ሲጠፋ አየሁ፤ ሰዉ ቲሸርቱን እያወለቀ፣ የማያወልቀውም ጃኬቱን እየደረበበት።

ከዚያ ያለውን ታውቂያለሽ፤ ሃያ ስድስት ነጥብ አስቆጠርሽ። ሠላሳ አራት ደቂቃ እንደ ጥላ ተከተልኩሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተከላክዬ አላውቅም፣ ያም ሆኖ ሃያ ስድስት። ስልሳ አንድ እኩል ሆነን ደቂቃ ሲቀረው በግራ እንደምትሄጂ አውቅ ነበር፤ ሦስት ዓመት ልምምድ ላይ ያየሁት ነው። ግራውን ዘጋሁብሽ። በቀኝ ሄድሽ። በቀኝ መጨረስ መቼ ተማርሽ? ብቻሽን፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ እኔ በሌለሁበት መሆን አለበት። ከጣቴ በላይ አልፎ ሲገባ ያመኝ መሸነፉ ብቻ አልነበረም። የኪንዚ የመጨረሻ ውርወራ ቀለበቱን ዞሮ ወጣ፣ አሸነፋችሁን።

እኛ ሜዳ ላይ፣ በኛ መሰላል የኛን መረብ ቆረጣችሁ። የአሸናፊ ወግ ነው፣ አልከፋኝም ብልሽ ግን እዋሻለሁ። የመሰላሉን እግር ይዞልሽ የነበረውን ሰው አይተሽዋል? ስትወጪ ዞር አላልሽም። ቨርሊን ነው። በጉልበቱ ሕመም ከመቀመጫው ለመውረድ ሁለት ሰው ደግፎታል። በኋላ በሩ ላይ አግኝቼው "እኔ ይቅርታ ማለት አልችልበትም፤ መሰላል መያዝ ግን እችላለሁ" አለኝ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ።

ለሰላምታ ስንሰለፍ እጄን ነክተሽ አለፍሽ፣ ዓይንሽ ከኋላዬ ያለችው ልጅ ላይ ነበር። ተገቢ ነው። አንድ ዓመት የተሸከምሽውን በሁለት ደቂቃ ንግግር አራግፌ መታቀፍ የምጠብቅ ሞኝ አይደለሁም።

መልበሻ ክፍል ግን ቀላል አልነበረም። ኪንዚ ፎጣ ፊቷ ላይ አድርጋ እያለቀሰች "ነገ ብትናገሪ ምን ነበረበት?" አለችኝ። የዶሮውንና የላባውን ነገር ነገርኳት። "እኔ ግን ዶሮውን ፈልጌው ነበር" አለች፣ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ግን አልሳቀም። ሰኞ ቡድኑ ያለኔ ተሰብስቦ አምበልነቴን በድምፅ ወሰነ። ሰባት ለአምስት፣ ቀጥዪ አሉኝ። አምስቱ እነማን እንደሆኑ ማወቅ አልፈለግኩም። ኪንዚ ግን ቅድመ ሁኔታ አስገባች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ማሊያ የማጥበው እኔ ነኝ። ይኸው እያጠብኩ ነው።

ፔግ ትናንት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቁጥሩን ሁሉ ጽፋ ደምራ ቀንሳ ነገረችን። ከዚህ ሊግ ወደ ብሔራዊው ውድድር የሚያልፈው የማጠቃለያው አሸናፊ ብቻ ነው፤ በሁለተኝነት ለምኖ የሚገባ የለም። ሐሙስ ሩብ ፍጻሜ፣ ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ፣ እሑድ ፍጻሜ፣ ሁሉም እናንተ ጋ፤ ሁለታችንም ከደረስን እሑድ እንገናኛለን። ሦስቱንም ካላሸነፍን የኔ ጨዋታ ለዘለዓለም አለቀ፤ አምስተኛ ዓመት የለኝም፣ ሌላ ቡድን የለኝም። አሰልጣኟ አንቺን ማን ይይዛል ብለው ሳይጠይቁ ስሜን ጻፉ። ከቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድሜ እየገባሁ ያን የቀኝ አካሄድሽን ኪንዚ እንድትሠራብኝ አደርጋለሁ። መቶ ጊዜ ታልፈኛለች፣ መቶ ጊዜ እመለሳለሁ። ትናንት ከመቶው አርባ ያህሉን አቆምኩ። እስከ እሑድ ድረስ ስልሳ አደርሰዋለሁ።

ማሽኑ ቆሟል፣ ማሊያውን ላስጣ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ይቅር ብለሽኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ባትይም መብትሽ ነው። ካልሽኝ ግን እሑድ ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ ንገሪኝ፣ ቀድመሽ አይሁን። ቀድመሽ ከነገርሽኝ አለቅሳለሁ፣ ያለቀሰ ሰው ደግሞ ቀኝሽን አይዝም። እኔ የምመጣው አንቺን ለማሸነፍ ነው።

ብሪታ