ቸኩዬ የመለስኩት መልስ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም አልደወልኩላትም። የጁባ ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህርት እስከ ረቡዕ መልስ ትፈልጋለች፤ ለአዲሱ የትምህርት ዓመት ተመልሼ አስተምር እንደሆነ ቁርጡን ልንገራት፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ትፈልግ።

ወረታ የመጣሁት አባዬን ለመጠየቅ ነው። ጉልበታቸውን አሟቸዋል። ወንዛዬ ፍልውሃ ሰንብተው መጥተው "ተሽሎኛል" ይላሉ፤ ሲነሱ ግን ግድግዳ ይይዛሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ከሄድኩ ብቻቸውን ናቸው። ሩዙ ደግሞ ደርሷል።

ጧት ለጎረቤታችን ለአያ ሙላት "ሐሙስ ሰው ይመጣልኛል" ሲሉ ሰማሁ። ወንፈል መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ አጫጅ ማሳው ድረስ ሄደን ቀኑን መመለስ አለብን። በዚያ ጉልበት ማን ይመልሳል? እኔ ነኛ! ትቀራለች ብለው ቆጥረውኛል። አፍ አውጥተው ቢነግሩኝ ምናለ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከአባዬ ጋር ማሳው ዳር ተቀምጠን ዋልን። ስለ ጁባ ጠየቁኝ። ሙቀቱን፣ ወባውን፣ መብራት ማጣቱን መዘርዘር ጀምሬ ሳላስበው ዝናቡ ላይ ደረስኩ።

የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ሲዘንብ የኔ ድምፅ አይሰማም። ዝም ብዬ ሰሌዳው ላይ ሒሳብ እጽፋለሁ፤ ልጆቹ መልሱን በጣታቸው ያሳዩኛል። አንዱ ሲሳሳት ሁሉም ይስቃል፤ ሳቁም አይሰማም፣ ጥርስ ብቻ ነው። አንዲት ልጅ ደግሞ ሰሌዳውን በክንዷ ካልጠረግሁ ብላ ትጣላለች። እስከ ክርኗ ነጭ ሆና ወደ ቤቷ ስትሮጥ በመስኮት አያታለሁ።

አባዬ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ "መቼ ነው አገሬ የምገባው?" ስል ኖሬ፣ ሳወራው ከአፌ የሚወጣው ይህ ነው። ያኔ ለምን አልታወቀኝም? ያናድዳል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ደወልኩ። አልመጣም አልኩ። ርእሰ መምህርቷ "ልጆቹ ይጠይቁኛል፤ ምን ልበላቸው?" አለችኝ። አባቴ ታመዋል በያቸው አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሽንኩርት መክተፌ በጀኝ፤ የዓይኔን መቅላት የጠየቀኝ የለም።

ለአባዬ አልነገርኳቸውም። ልጅ የሚወለደው ለዚህ ቀን አይደል? በግ ገዝተዋል። የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ እዚህ መቅረቴን ሊያከብሩልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ምን ዓይነት ቂል ነኝ!

እየዘፈኑ አጨዱ። እስከ ምሳ ከግማሽ በላይ ወደቀ። ሥጋ ወጡን ሳቀርብ አያ ሙላትን "የእርስዎን መቼ እንጨድልዎ?" አልኳቸው። ሳቁብኝ።

"የምን የኔን? አንች ደግሞ፣ ደቦ እኮ ነው! በልተን ጠጥተን መሄድ ነው እንጂ ምን ብድር አለው?"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። አባዬ በዚያ ጉልበታቸው በየቤቱ ዞረዋል። "ልጄ ወደ ተማሪዎቿ ትመለስ። የወንፈል ዕዳ ይዞ እንዳያስቀራት፣ ዘንድሮ በደቦ እጨዱልኝ" ብለው ለምነዋል።

አባዬ ደቦ ጠርተው አያውቁም። የሰው ጉልበት ሳይመልሱ መቅረት ለሳቸው ሞት ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እያነከሱ ለየአጫጁ ጠላ ይቀዳሉ። ከክምሩ ጀርባ ሄጄ፣ እመጣለሁ ልል ጁባ ደጋግሜ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ አልመጣም ብዬ መደወሌን ነገርኳቸው። ኔትወርኩ ለመደወል አይበቃም፤ ብልጭ ሲል ግን "እመጣለሁ" የሚል መልእክት ልኬያለሁ።

"እኔን ሳትጠይቂኝ?" አሉ።

"ወንፈል መስሎኝ ነው፣ አባዬ።"

"አንችን መያዣ አድርጌ ወንፈል የምገባ ይመስልሻል?"

ምሳ አልበሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፌ ላይ የነበረችው ጥያቄ አንዲት ነበረች፤ ሰኞ ጧት ብጠይቃቸው ኖሮ ይህ ሁሉ የለም። እሳቸውም ቢነግሩኝ... ግን የማን ልጅ ሆኜ ነው? ሁለታችንም አንናገርም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከጁባ መልስ የለም። ቤት ጠረግሁ። አባዬ ውጪ ሆነው ጥጃዋን ያነጋግራሉ፤ ከኔ ይልቅ ከሷ ጋር ብዙ አወሩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ደወለች። ሌላ መምህርት ተስማምታለች። "እሷ ባትጸና፣ ወይም ለሚመጣው ዓመት አስብሻለሁ" አለችኝ። ጥሩ ሰው ናት። አመሰገንኳት።

ለአባዬ ነገርኳቸው። እንዲህ አሉኝ፦

"እንግዲያ ደቦው ቀርቷል። ካለሽማ የሰው ጉልበት በነፃ አንበላም። ነገ አያ ሙላት ዘንድ ታጭጃለሽ፤ ማክሰኞ ከበላያቸው ካሉት ዘንድ። ሁሉንም ትመልሻለሽ።"

ሳላስበው ሳቄ መጣ። እሳቸው አልሳቁም፤ ግን ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እራት አብረውኝ በሉ።

እጃቸውን ሲታጠቡ "ደግሞ እዚህ ሆነሽ እዚያን ስታስቢ እንዳትከርሚ" አሉኝ።

እሺ አልኩ። ዋሽቻለሁ፤ ሳስብ መክረሜ አይቀርም። ነገ ግን በጧት መነሳት አለብኝ፤ አያ ሙላት ያረፈደ አጫጅ አይወዱም።