በጥርሳቸው የሰሙት መካኒክ

ከተማው ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» እያለ የሚያውቃቸው ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ሚያዝያ 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ይህን ታሪክ የጻፉት ታላቅ እህታቸው ዕድሜ ልካቸውን «አንተ» ሲሏቸው ኖረው ዛሬ አንቱ ማለት ቢያስቸግራቸውም ወግ ነውና ይሁን ብለዋል። ለአንድ ሌላ ሰውም ዛሬ አንቱ ማለት ይኖርባቸዋል፤ እሱ ግን የባሰ ያንቃል።

ወንድማችን ገና በስድስት ዓመታቸው የአባታቸው መጋዝ መዶልዶሙን ከድምፁ ይለዩ ነበር። አንደኛ ደረጃን እንደጨረሱ በ1962 ዓ.ም. የሙያ ትምህርት ቤት ገብተው የመኪና ጥገና ተማሩ። እዚያም አንድ ወንበር ከተጋሯቸው ልጅ ጋር ተወዳጁ። ሁለቱ አንድ ደብተር ነበራቸው፤ ቱታውም አንድ ስለነበር በተግባር ትምህርት ቀን በፈረቃ ይለብሱታል። እናታችን ለዚያ ልጅ ሳታስቀምጥለት የቀረችበት ምሳ ትዝ አይለንም።

በ1971 ዓ.ም. ሁለቱ ጓደኛሞች ሸሪክ ሆነው ጋራዥ ከፈቱ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ጉድጓድ፣ ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርፅ በቀለም የተሳለበት ቦታ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ጋሽ ጆሮ ከጋራዡ አጠገብ ልብስ የምትሰፋውን ጎረቤታቸውን አገቡ፤ ሚዜያቸው እኚሁ ሸሪካቸው ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ፤ ዛሬ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። አባቷ አውቶቡሷ በበራቸው ሲያልፍ መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳርፈው ቆይተው ማታ «ፍሬንሽን አሳዪው» ይሏት ነበር።

የአሠራራቸው ነገር እንዲህ ነው። የተጠገነች መኪና ጋራዥ አድራ፣ ጠዋት ሞተሯ እንደቀዘቀዘ ትነሳለች። «የሞቀ ሞተር ይዋሻል፤ እውነቱን የሚናገረው ብርድ ላይ ነው» ይሉ ነበር። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ፤ ልባቸው ሲረካ ከኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም «ሰምቼዋለሁ» ብለው ቀኑን ይጽፋሉ። ያቺን ቃል ያየ መኪና ገዢ ሌላ ምስክር አይፈልግም ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ቀኝ ጆሯቸው፣ ቀጥሎም ግራው ይከዳቸው ጀመር። ሐኪሙ ከሞተር ጩኸት የመጣ ነው አሏቸው። «ጆሮ» እየተባሉ መስማት አለመቻል! ለባለቤታቸው አልነገሩም፤ ለልጃቸው አልነገሩም፤ ለእህታቸውም አልነገሩም። የነገሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። «ጆሮ ሁነኝ» አሏቸው ለሸሪካቸው። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ሸሪካቸው ሰምተው አውራ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ጋሽ ጆሮ ይጽፋሉ።

በ2001 ዓ.ም. አንዲት የጥርስ ሐኪም ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች ባለሁለት ወንበር ቀይ የስፖርት መኪናቸውን አመጡ። ጠዋት ስትነሳ ከሞተሩ ራስ ላይ ታንኳኳለች። ጋሽ ጆሮ ጣታቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው አወቁት። ከላይ ያሉትን ሁለት ዘንጎች የሚያያይዝ ሰንሰለት አለ፤ ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው ዕቃ ቴንሽነር ይባላል። ሰንሰለቱ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ በዕድሜ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል፣ በመጨረሻ ይሰበራል። ያኔ ሰንሰለቱ ይዘላል፤ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጩና ሞተሩ አበቃለት ማለት ነው። ዕቃው ከክብሪት ሳጥን አይበልጥም። ለመቀየር ግን ዘንጎቹን ማውጣት፣ ሁለት ቀን ጎንበስ ብሎ መዋል ያስፈልጋል።

አዲሱ ዕቃ የመጣው ባለቤታቸው ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል በገቡበት ሳምንት ነበር። «እኔ እያለሁ ምን ታስባለህ፤ አንተ እሷ ጋ ሁን» አሉ ሸሪካቸው። ጋሽ ጆሮ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲመለሱ መኪናዋ ተነሳች፤ አውራ ጣት ተነሳ፤ እሳቸውም «ሰምቼዋለሁ» ብለው ጻፉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ሽማግሌ አባታቸውን ይዘው በቀለበት መንገድ ሲሄዱ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ጮኾ ቀጥ አለ። ከኋላ የነበረው የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታቸው። ሰው አለመጎዳቱ የፈጣሪ ቸርነት ነው። ሞተሩ ገና ሳይፈታ ሸሪካቸው ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ምን ላድርግ፣ ደንቁሯል እኮ! አምስት ዓመት ሸፍኜለት ኖርኩ» አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ጋሽ ጆሮን መጨረሻ ላይ ደረሳቸው። ያውም ከባለቤታቸው አፍ። ባለቤታቸው ገና ከሆስፒታል ወጥተው ከአትክልት ሻጯ ነበር የሰሙት። «ለእኔ ያልነገርከኝን ለእሱ ነገርከው?» ብለው አለቀሱ። በሁለተኛው ወር ሸሪካቸው ከመንገዱ ማዶ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ለካ ያን ሁለት ቀን የዋሉት የአዲሱን ጋራዥ በር ሲያስገጥሙ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!

ሐኪሟ መኪናዋን ለቁራሌ ሊሰጡ ሲሉ ወንድማችን «ለእኔ ይተዉልኝ» ብለው አስጎትተው ወሰዷት። ሞተሩን የፈቱ ዕለት እህታቸው ምሳ ይዘው መጥተው አጠገባቸው ነበሩ። ከዘይቱ ውስጥ የወጣው የጠቆረ፣ የተቦረቦረ፣ የተሰባበረ አሮጌ ፕላስቲክ ነው። አዲስ ፕላስቲክ በሦስት ሳምንት እንዲህ አይሆንም። አዲሱ ዕቃ ካርቶኑ ሳይከፈት ከዘይት ጣሳዎቹ ጀርባ ተገኘ። ሸሪካቸው ወፍራም ዘይት ጨምረው ድምፁን አፍነውት ኖሯል። እህታቸው ካርቶኑን አንስተው መንገዱን ሊሻገሩ ሲሉ፣ «እትዬ፣ ተቀመጪ» አሏቸው። «እሱ ዋሸኝ። እኔ ግን ሳልሰማ ሰምቼዋለሁ ብዬ ጻፍኩ፤ ሴትዮዋ ያመነችው የእኔን ጽሑፍ ነው። እኔ እስካለሁ ይህን ለማንም እንዳትተነፍሺ።» እህታቸውም ካርቶኑን መልሰው አስቀምጠው ምሳውን አቀረቡ።

ጥገናው ሁለት ዓመት ፈጀ። ቫልቮቹን አንድ በአንድ አፈላልገው ቀየሩ። ያንኑ ካርቶን ከፍተው አዲሱን ቴንሽነር አስገቡ፤ በሁለቱ ዘንጎች ምልክት መካከል ያለውን የሰንሰለት ዓይን ሦስት ጊዜ ቆጠሩ። በመጨረሻም የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፈው እጀታውን በጥርሳቸው ነከሱ። የሞተሩ ንዝረት በአጥንት በኩል ይደርሳቸው ነበር። ሐኪሟ መኪናዋን ሊረከቡ መጥተው ይህን ሲያዩ «ምን ነካዎት፣ ጥርስዎን ሊጨርሱት ነው!» ብለው ተቆጡ። ቀጥሎ ራሳቸው ነክሰው ሞከሩት፤ ቀጥሎም ሳቁ። ከኮፈኑ ሥር አሮጌው ጽሑፍ ተፍቆ «በጥርሴ ሰምቼዋለሁ» የሚል ተጽፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ እስከ 2014 ዓ.ም. ከጥቂት ደንበኞች ጋር ብቻቸውን ሠሩ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሸሪካቸው አንድ ቀን እንኳ ተሻግረው አልመጡም። መንገዱ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ እህታቸው ለክተውታል።

ጋሽ ጆሮ በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። «እስካለሁ» ነበር ያሉት። ከሐሙስ ጀምሮ የሉም። ስለዚህ እህታቸው ተናግረዋል፤ ወንድማቸው ቢቆጡ በወዲያኛው ዓለም ይታረቃሉ። የተሰባበረው ፕላስቲክ በለቅሶው ድንኳን መግቢያ ላይ ካለው ጠረጴዛ፣ ከፎቶግራፋቸው አጠገብ ተቀምጧል።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ሸሪካቸው «ለወንድሜ» የሚል ጥብጣብ ያለው የአበባ ጉንጉን ልከዋል፤ ደርሶናል። ፈጣሪ ለወንድማችን ጆሯቸውን ይመልስላቸው፤ ነፍሳቸውንም ሐሜት በማይደርስበት ጸጥ ያለ ቦታ ያሳርፍልን።

ቀይዋ መኪና ከትናንት ጀምሮ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሞተሯ ቀዝቃዛ ነው። ሸሪካቸው ከኋላ የቆሙ እንደሆነ ወደ ፊት ይቅረቡ፤ የእሳቸው ጆሮ ደህና ነው። አሁን ሁላችንም ዝም እንበል፤ ሐኪሟ ሊያስነሷት ነው።